የደረቀ ብቻ

ደሴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ይድረስ፣ የአገሯን ዛፍ ትታ ስለ ዛፍ ልትማር ባሕር ለተሻገረችው ለእታለም ሳሊሃ። ሰላምታዬ እንደ ሐረጎ መንገድ ኩርባ ይብዛልሽ፤ ቆጥረሽ ሳትጨርሺ ራስሽን ያዙርሽ። አላህ ከቱርክ ብርድ ይጠብቅሽ፣ ከቱርክ ባልም ይጠብቅሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ አክስቴ ሰዒዳ ደህና ናቸው። ሳላቸውም ደህና ነው፤ ከሳቸው ጋር ለሱብሒ ይነሳል፣ ከሳቸው ጋር ይተኛል፣ እንደ እኔ አያስቸግርም።

ይህን የምጽፍልሽ ፒያሳ መሲ ልብስ ቤት፣ የካርቶን ክምር ላይ ተቀምጬ ነው። መሲ ለጃኬትና ለሱሪ ኢስታንቡል በሄደች ቁጥር ወረቀታችንን ታመላልሳለች። ኢንተርኔቱ ከጠፋ ወዲህ ሁላችንም አያቶቻችንን ሆነናል። የቀበሌያችን ታወርም መብራት ካጣ ጀምሮ ዛፍ ሆኗል፤ የቀረው ቅጠል ማውጣት ብቻ ነው። እናትሽም ድምፅሽን ለመስማት ሲሉ በሰኞ ገበያ ደሴ ድረስ ይወጣሉ፤ ከዚያ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ገልብጠው ይይዙና «ልጄ አትሰማኝም» ብለው ያለቅሳሉ።

«ሙሄዲን፣ የሼህ ዘይኑን ደን ጉሬዛዎች ቁጠርልኝ» ብለሽ ልከሻል። ከዘጠነኛ ክፍል ያስወጣኝ ሒሳብ መሆኑን ረስተሽዋል። ቢሆንም የሚኒባስ ረዳት ነኝ። የአስራ ሁለት ሰው ወንበር ላይ አስራ ስምንት የማስቀምጥ ልጅ ጉሬዛ አያቅተኝም። ሰባት ናቸው። አውራውን ቃዲው ብዬዋለሁ፤ ጥቁር ካባውን በነጭ ዘርፍ ደርቦ ዛፍ ላይ ቁጭ ሲል፣ ፍርድ ሊሰጥ የመጣ ነው የሚመስለው። ጧት ጧት ሲያገሳ እኔም ከደጃፌ አገሳለታለሁ። «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው! ኮምቦልቻ!» ስል የኖርኩበት ጉሮሮ እዚህ ጠቀመኝ። ቃዲው ይናደዳል፣ ቅርንጫፉን ይወዘውዛል፣ ደግሞ ያገሳል። እናትሽ ደግሞ እኔን ይገሥጻሉ።

«አንተ ልጅ፣ በእንስሳ አታላግጥ!»

«አክስቴ፣ እሱ እኮ ነው የጀመረኝ!»

አሁን ደግሞ የማያስቀው። ሼህ ዘይኑ የደነገጉትን የደኑን ሕግ ታውቂያለሽ፤ ያንቺ አያትና የኔ አያት ወንድማማቾቹ እዚያው ተቀብረው የሚጠብቁት ሕግ ነው። እርጥብ እንጨት አይነካም። የደረቀ ብቻ ይቆረጣል፣ እሱም ለሞተ ሰው ሰደቃ መቀቀያ ብቻ። እርጥብ የቆረጠ ልጁ አይባረክለትም። ታዲያ ሰው ልጁንም ይወዳል፣ እንጨትም ይወዳል። መላ አገኙ። ሰው ሳያይ ይመጡና የዛፉን ልጥ በመጥረቢያ ዙሪያውን ይልጡታል። ዛፉ ይደርቃል። ሲደርቅ ሕጉ ፈቀደ ማለት ነው! ወላሂ እኔ እንኳ እንዲህ ያለ ተንኮል አስቤ አላውቅም፤ ቀናሁ። ዋንዛዎቹ እንዲህ ሆነው አለቁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ትልቁን ሾላ ላጡት። እናትሽ በምርኩዛቸው ሥሩ ቆመው ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ይራገማሉ። እኔንም ጨምረው ረግመውኛል፤ ምናልባት እኔ ከሆንኩ ብለው ነው።

ጫማ ቁጥሬ አርባ ሁለት ነው። ይህ ለጠቅላላ እውቀት ነው።

ወንድምሽ ሙሄዲን


ትራብዞን፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለሸይጧኑ ወንድሜ ለሙሄዲን፤ አላህ ልብ ይስጥህ፣ ለሰጠህም ልብ ማሰሪያ ይስጥህ። እናቴን ጉንጯን ሳምልኝ። ማር በዝንጅብል ትጠጣ። ስለ ሳሏ ስትጽፍ አትቀልድ፣ ወይም ቀልደህ ስትጨርስ እውነቱን ጨምርልኝ።

ስለ ሾላው ያነበብኩ ጊዜ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ተነስቼ ወጣሁ። ስማኝ፤ ዛፍ ቅጠሉ ላይ የሠራውን ምግብ ወደ ሥሩ የሚያወርደው በልጡ በኩል ነው። ዙሪያውን ከተላጠ ሥሩ ይራባል። ውሃው ግን በእንጨቱ ውስጥ ወደ ላይ መውጣቱን አይተውም፤ ቅጠሉ ለወራት አረንጓዴ ይሆናል። አላፊ አግዳሚው «ደህና ነው» ይላል። ከሥር ግን ሞቷል።

ያ ሾላ ደግሞ እንደ ሌላው ዛፍ አይደለም። በበጋ ሌላው ሁሉ ሲነጥፍ እሱ ያፈራል። ጉሬዛውም፣ ወፉም፣ የሌሊት ወፉም እሱን በልተው ነው በጋን የሚሻገሩት፤ በልተውም የሌላውን ዛፍ ዘር በደኑ ይበትናሉ። የጎጆ ምሰሶ በለው። ማገር ብታወጣ ጎጆው ይንሻፈፋል፤ ምሰሶውን ብታወጣ ይተኛል።

ሰባት ስትል ደግሞ ደስ ብሎህ ነው የጻፍከው። ሰባቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ዙሪያቸው ማሳ ነው፤ ደሴት ላይ ናቸው። ከላይኛው ደን አዲስ ደም ካልመጣ፣ አንድ በሽታ ወይም አንድ ክፉ በጋ ይበቃቸዋል። በመካከል ያለው የአጎቴ ሰይድ ማሳ ነው። ከዳሩ ለአንድ መስመር ዛፍ የሚሆን ይስጠን። ወይራ፣ ጥድ፣ ሾላ እንትከል። መሬት ሳይነኩ የሚሻገሩበት ድልድይ ይሆናል።

ሾላውን ግን ዛሬ ነው ማዳን የምንችለው። ከግንዱ ሥር የበቀሉ ለጋ ቅርንጫፎች አሉት። እርጥብ ቢሆኑም ለራሱ ለዛፉ ነውና፣ አውራ ጣት የሚያህሉትን ቁረጥና ሁለቱንም ጫፍ አሹል። አንዱን ጫፍ ከቁስሉ በታች ባለው ልጥ ሥር፣ ሌላውን ከቁስሉ በላይ ባለው ልጥ ሥር አስገባ። ጥብቅ አድርገህ እሰር፣ በጭቃና በእበት ምረገው። ከያዘ ምግቡ በዚያ በኩል ይወርዳል።

ደግሞ ቃዲው የሚያገሳው ተናዶ አይደለም። «እኔ እዚህ አለሁ፣ እናንተስ?» ብሎ ጎረቤት መንጋ መጣራቱ ነው። ድምፁ የሚደርሰው ጎረቤት የለውም። በዚህች ዓለም የሚመልስለት አንተ ብቻ ነህ። ስለዚህ ስታላግጥ ከልብህ አላግጥ።

አርባ ሁለት ቁጥር ከመሲ ጋር ተልኳል።

እህትህ ሳሊሃ


ደሴ፣ ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ጫማ የሚልክ ሁሉ ጀነት ይግባ። ሰፈሩ በሙሉ ደህና ነው። እናትሽ ማሩን ይጠጣሉ፤ ሳሉም ማር መውደዱን አሳይቷል፣ ጨምሯል። እውነቱን ጨምር ስላልሽኝ ነው፤ ማታ ማታ ይጠናባቸዋል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ልውሰድዎ ስላቸው «ሾላውን ለማን ትቼ?» ይላሉ።

መጀመሪያ አጎቴ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። በደንብ ተቀመጥኩ፣ በደንብ አከበርኩ።

«አጎቴ፣ ከማሳዎ ዳር መንገድ ይስጡን።»

«ለማን?»

«ለጉሬዛ።»

«እግረኛ ነው ወይስ ባጃጅ ገዝቷል?»

ይህ ዘር ቀልደኛ እንደሆነ ለቱርኮቹ ንገሪያቸው። ከዚያ ዛፍ ነው የምንተክለው፣ ወይራና ጥድ ነው ብዬ ያንቺን ትምህርት እንዳለ አወረድኩላቸው። ሰምተው ሰምተው እንዲህ አሉኝ።

«ባህር ዛፍ በአምስት ዓመት ቤት ይሠራል። የሳሊሃ ወይራ መቼ ነው የሚደርሰው?»

«በሠላሳ ዓመት።»

«በሠላሳ ዓመት እኔ የት ነኝ?»

«እዚያው ደኑ ውስጥ ነዎታ፣ ተቀብረው።»

«ውጣ!»

ወጣሁ። በማግስቱ ዳሩን በሙሉ ባህር ዛፍ ተከሉበት። ድልድይሽ ይኸው፤ ጉሬዛ ግን አይበላውም።

ከዚያ ቀዶ ጥገናው። እናትሽ የሻርጳቸውን ጫፍ ቀደው ማሰሪያ ሰጡኝ። እኔ ቅርንጫፉን አሾልኩ፣ እሳቸው እበት አቦኩ። ስምንት ቅርንጫፍ አስገባን። በመጀመሪያ ያስገባሁትን ገልብጬው ነበር፤ ላዩን ታች፣ ታቹን ላይ። እናትሽ ገና ሲያዩት «አንተን ራስህን ነው የተከልከው» ብለው አስነቀሉኝ። ሲያልቅ ግንዱን እንደ ልጅ ጀርባ መታ መታ አድርገው «አይዞህ» አሉት። እኔን ግን አይዞህ ብለውኝ አያውቁም።

ትቆጪኛለሽ፣ ግን ልንገርሽ። ሾላው ቅጠሉን በሙሉ አራገፈ። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ «ደርቋል» ብለው እንዳይቆርጡት ፈራሁ። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ወጥቼ፣ ከወንዝ ዳር ያመጣሁትን አረንጓዴ ቅርንጫፍ በሽቦ አሰርኩለት። ዓርብ ከጁምዓ ሲወጡ አዩት። «የሼህ ዘይኑ ከራማ!» ተባለ። እስከ ኮምቦልቻ ተሰማ። ሰው እየመጣ ዱዓ ያደርጋል፣ መካኖች ሥሩ ይተኛሉ፣ አንዱማ የጎማ ጥገና ቤቱ ገበያ እንዲቀና ብሎ ተሳለ። እኔ ሰው አጫጫን ስለምችል ሰልፉን ሳስተናግድ ዋልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር ወላሂ፤ አሁንማ ማን ይነካዋል ብዬ።

በአራተኛው ቀን ቅጠሉ ጠውልጎ፣ ሽቦው ተፈትቶ፣ የመስጊዱ ሼህ አሚር ለዱዓ እጃቸውን ዘርግተው ሳሉ ጥምጥማቸው ላይ ወደቀ። ሽቦውን አዩ። ማን ነው ብለው እንኳ አልጠየቁም።

«ሙሄዲን!»

አርባ ሁለት ቁጥር ጫማሽ ሩጫ ያውቃል። ቢሆንም ያዙኝ። ሰፈሩ ፊት አቆሙኝና «ከእንግዲህ ይህ ልጅ ፀሐይ ወጣች ቢል፣ ወጥታችሁ ሳታዩ እንዳታምኑት» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከሰባቱ አንዷ ማሳውን አቋርጣ ወደ ላይኛው ደን ልትሄድ ስትል የአጎቴ ሰይድ ውሾች ደረሱባት። ነጭ ግልገል አዝላ ነበር። ቃዲው ከነራሱ ስድስት ሆኖ ቀረ። ይህን ከቀልዱ ቀጥሎ የጻፍኩት ብቻውን መጻፍ ስላቃተኝ ነው።

ሙሄዲን


ትራብዞን፣ መጋቢት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ።

ሙሄዲን፣ አላህ ከራስህ ተንኮል ይጠብቅህ። የሽቦውን ሳነብ ሳቅሁ፤ ከዚያ ግን ተናደድኩ። አንድ ቀን እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ማን ሊያምንህ ነው?

ነጯን ግልገል አልረሳትም። ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ መሆኑ እናቲቱ ብቻ ሳትሆን መንጋው ሁሉ እንዲያየውና እንዲይዘው ነው ይላሉ። ማሳ ላይ ግን ውሻም ያየዋል።

መምህሬ የአገርሽን ደን አሳዪን ብሎኝ ከሳተላይት የተነሳውን ካርታ ከፈትኩ። የሼህ ዘይኑ ደን የጤፍ ፍሬ ታህላለች። በጣቴ ስጠቁም ጣቴ ሸፈናት። መምህሬ አየት አደረገና እዚህ የሚሉትን አንድ ቃል አለ። ወደ አማርኛ ሳመጣው «ቆሞ የሞተ» ይሆናል። ዛፎቹ አሉ፣ ከአስፋልቱ ለሚያይ ሰው ደን ነው። ግን ከሥራቸው ችግኝ የለም፤ የበቀለውን ፍየል ይበላዋል፣ ከፍየል የተረፈውን ከዳር የሚገባው ንፋስና ፀሐይ ያደርቀዋል። ዳሩ መሃሉን እየበላ ይሄዳል። ሽማግሌ ብቻ የቀረበት ሰፈር ማለት ነው። ሞቱ ያለፈ ነገር ነው፤ ቀብሩ ነው የቀረው።

«ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ። «እናቴ ሥሩ ቆማለች» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። ሕግ ያለ ጠባቂ ወረቀት ነው፤ ያ ደን እስካሁን የቆየው በሼህ ዘይኑ ሳይሆን በሰዒዳ ምርኩዝ ነው።

ሁለት ሰኞ ስልኬን ይዤ ጠበቅኳት፤ አልደወለችም። ገበያ መውጣት አቅቷት ነው? ሆስፒታሉን እምቢ ካለች አስገድደህ ውሰዳት፤ በጀርባህም ቢሆን አዝለህ ውሰዳት። ስለ ሾላው ሳትጽፍ በፊት ስለ እሷ ጻፍልኝ። ጃኬት ልኬልሃለሁ፤ ለእሷ ደግሞ ወፍራም ሹራብ፣ የምትወደው አረንጓዴ።

ሳሊሃ


ደሴ፣ ግንቦት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለክብርት እህቴ ለሳሊሃ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ። እኛ በሰፈር ያለን ሁላችን አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ ጥሩ ነው። ጃኬቱ ደርሶኛል፤ አላህ ይስጥልኝ። ሹራቡም ደርሷል።

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ አድርጊልኝ። መሲም በመንገዱ ምክንያት ቆይታ ነበር።

ሾላውን በተመለከተ፣ ከስምንቱ ቅርንጫፎች ሦስቱ ይዘው ነበር። በምሥራቅ በኩል አንድ ቅርንጫፍ ለመለመ። በእጄ ነክቼዋለሁ፤ ሽቦ የለበትም። ሆኖም ባለፈው ወር ሰፈሩ ደርቋል ብሎ በሕጉ መሠረት ለሰደቃ ቆርጦታል። ላስጥለው አልቻልኩም።

ጉሬዛዎቹ ምግብ አጥተው ተበታትነዋል። ሁለቱን ነው የማያቸው። አጎቴ ሰይድ ሰላም ብለውሻል። ሼህ አሚርም ዱዓ ያደርጉልሻል።

ለኔ ምንም እንዳትልኪ። እዚያ ከኢትዮጵያውያን ሴቶች ጋር እንድትገናኚ፣ ብቻሽን እንዳትሆኚ አደራ እልሻለሁ።

ሙሄዲን


ትራብዞን፣ ሰኔ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሙሄዲን፣ ወዓለይኩሙ ሰላም።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። «ክብርት እህቴ» ብለሃል። እኔን መቼ ነው ክብርት ያልከኝ? ሾላው የተቆረጠው ለሰደቃ ነው ብለሃል። የማን ሰደቃ እንደሆነ አልጻፍክም። እኔ የዚያ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ ያለ ሙት ያ ደን እንደማይነካ አውቃለሁ። የአህያ ሞት እንኳ ደብዳቤ ላይ የምታስቅበት ልጅ የሰው ሞት ዘለልክ።

በእያንዳንዱ ደብዳቤህ የእናቴ ሳል ነበር። በዚህኛው የለም። ጠፋ እንዳልል ጠፋ አላልክም። ሹራቡ ደርሷል ብለሃል፤ ለበሱት አላልክም።

እዚህ የሚያስተምሩኝ ይህንኑ ነው። አንድ እንስሳ ጫካ ውስጥ መኖሩን ማየት ባትችል፣ እሱ ቢኖር ኖሮ የማይሆነውን ነገር ፈልግ ይሉናል። እናቴ ብትኖር ያ ሾላ አይቆረጥም። ምርኩዟን ይዛ መጥረቢያው ፊት ትቆም ነበር። ታማ ቢሆን እንኳ ተሸክማችሁኝ ሂዱ ትላለች።

ሽንብራ ነው፣ ባቄላ ነው እያልክ አታዙረኝ። ቀልደህብኝ ከሆነ ይህን ብቻ ይቅር እልሃለሁ። ወላሂ ቀልድ ይሁን።

ሳሊሃ


ደሴ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

እታለም፣ ይህን ወረቀት የምታነቢው ኢትዮጵያውያኑ ሴቶች ደጅሽን በጧት አንኳኩተው ከገቡ በኋላ ነው። ለመሲ «መጀመሪያ ሰዎቹ፣ ቀጥሎ ደብዳቤው» ብዬ በጌታ አስምያታለሁ። መርዶ በወረቀት አይሄድም። ሼህ አሚር ግንቦት ላይ ያንን ደብዳቤ ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ እሱ ሙሉው የሳቸው ቃል ነው፤ የኔ «ሽቦ የለበትም» የምትለዋ ብቻ ናት።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ጀነተል ፊርደውስ ይወፍቃቸው፣ ላንቺ ሰብር ይስጥሽ።

በጀርባህ አዝለህም ቢሆን ውሰዳት ብለሽኝ ነበር። ደብዳቤሽ ሳይደርስ አዝያቸው ነበር። እስከ አስፋልቱ አወጣኋቸው። «አንተ ልጅ፣ ክብደቴ ስንት ሰው ይሆናል?» አሉኝ። «ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ሒሳብ ነው የምጠይቅዎ» አልኳቸው። ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ቦሩ ሜዳ አራት ቀን ተኙ። ሐኪሙ ሳንባቸው ከታመመ ቆይቷል አለ። እዚያ ነው እጄን ይዘው የተናዘዙልኝ፤ «ለኔ ሰደቃ ከደኑ ስንጥር እንዳይነካ። በኩበት ቀቅሉ። ሾላው ሕያው ነው።» ሌላ ሰው አልነበረም። እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት።

ቀብሩ ላይ ነገርኳቸው። ወላሂ ነገርኳቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ማን ሰማ?» አሉ ሼህ አሚር።

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«እኔ ብቻ።»

ማንም አልተቆጣኝም። እንዲያውም አጎቴ ሰይድ ትከሻዬን ይዘው በለሆሳስ «ልጄ፣ ዛሬ እንኳ ተው» አሉኝ። «ለሰዒዳ ያልሆነ ዛፍ ለማን ሊሆን ነው? የጠበቀችውን እንንፈጋት?» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ስለወደዷቸው ነው። ለሌላ ሰው ዝግባ ያስቆርጡ ነበር፤ ለሳቸው ትልቁ ይገባል ብለው ነው። እኔም የለመለመውን ቅርንጫፍ አሳየኋቸው። «እዩት፣ በቅሏል!» አልኩ። አንዱ ከታች ሆኖ «ሽቦውን በደንብ ደብቆታል» አለ። ሰው በቀብር አይስቅም፤ ግን ከንፈራቸውን ነክሰው ነው ያሳለፉት። ወጥቼ ልነቅለው፣ ላሳያቸው ስል እግሬን ይዘው ጎተቱኝ።

መጥረቢያው ገባ። ግማሹን አልፎ ምሥራቁ በኩል ሲደርስ ነጭ ወተት ፈሰሰ። እንደ ጡት ነው የፈሰሰው። የደረቀ ሾላ ወተት የለውም፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቆራጩ መጥረቢያውን ተወው። ሼህ አሚር በጣታቸው ነኩት፣ ጣታቸውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ግንዱ ግን እስከ ግማሽ ተበልቶ ነበር፤ እንዲያ ከተተወ መቃብሮቹ ላይ ይወድቃል ተባለ። ስለዚህ ጨረሱት። ሲወድቅ የአያቶቻችንን መቃብር አልነካም። ያንን «ከራማ» አሉት።

እንጨቱ እርጥብ ስለነበረ አልነድ አለ። ጭሱ ሰፈሩን ሞላው። በእናትሽ ሰደቃ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም፤ ያላዘነም አልቅሷል። ይህን ቢሰሙ ይስቁ ነበር። እኔም ልስቅ ሞከርኩ።

ሼህ አሚር ጁምዓ ላይ «እርጥብም ሆነ ደረቅ ከእንግዲህ አይነካም» ብለዋል። ሰው ሁሉ አሚን አለ። የሚነካ ምን አለ?

የመጨረሻው የቃዲው ነገር ነው። አንድ እሱ ብቻ ቀረ። ሰኔ ላይ ሌላኛዋ ባህር ዛፉ ውስጥ ሞታ ተገኘች፤ ሆዷ ተነፍቶ ነበር። እሱ ከሾላው ጉቶ አጠገብ ያለች ጥድ ላይ ነው። ጧት ጧት ያገሳል። አንቺ «የሚመልስለት አንተ ብቻ ነህ» ካልሽኝ ወዲህ፣ እውነትም ከልቤ ነበር የምመልስለት። ከሱብሒ በኋላ እናትሽን አስቤ፣ አንቺንም አስቤ፣ ሐረጎ እስኪሰማ አገሳ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቃዲው ወረደ። መሬት ነክቶ የማያውቅ እንስሳ ማሳው ውስጥ ገባ። ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። እኔ ነኝ የጠራሁት። ሌላ መንጋ አለ መስሎታል። ውሾቹ ከአጎቴ ሰይድ ግቢ ሲነሱ ሰማኋቸው። ሮጥኩ፣ ድንጋይ አነሳሁ። በውሾቹ ሳይሆን በእሱ ወረወርኩ። ትከሻውን መታሁት። ቆሞ አየኝ፤ እንደ ቃዲ ነው ያየኝ። ደግሜ ወረወርኩ። ዞረና ተመለሰ፤ ጥዱን ሲይዝ ውሻው ጭራውን ነክሶት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጧት ያገሳል። ትንሽ ይጠብቃል። ደግሞ ያገሳል።

አፌን በሁለት እጄ ይዤ በሩ ሥር እቀመጣለሁ። ሙሄዲን ዝም ማለት ተማረ ብለሽ ለእናትሽ በዱዓሽ ንገሪልኝ። አያምኑም።

አረንጓዴውን ሹራብ ለማንም አልሰጠሁትም። ጉቶው ላይ አልብሼው ነበር፤ ሰው እንደገና ተንኮል ነው እንዳይል አነሳሁት።

ወንድምሽ ሙሄዲን